«ማሽን ሴቱን አሰነፈው» ስላሉት የሬዲዮ እንግዳ

ሽሮ ፈሰስ፦ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ አንዱ እንግዳ «የድሮ ሴት ፈጭታ ጋግራ ውሃ ቀድታ ጤነኛ ነበረች፣ ማሽን መጥቶ ሴቱን አሰነፈው» ይላል፣ ሹፌሩና ረዳቱ ደግሞ «እውነቱን ነው»። እስቲ ሰውየው ተንበርክኮ መጅ ይዞ አንድ ጣሳ ማሽላ ይፍጭና ይንገረን። የአያቴን ጉልበት ያየ እንዲህ አያወራም

የማርቆስ ልጅ፦ ያለ ጂም ወገባቸው ቀጥ ያለ ነበር ግን ካካካ

ሽሮ ፈሰስ፦ ጂም ሲደክምህ ጥለህ ትወጣለህ ወንድሜ

ናፍጣ፦ እንግዳው ዘባርቋል፣ እናንተም አታካብዱ። ወፍጮ መጥቶ ሴቷን አሳርፏታል፣ አለቀ

ጉሊት፦ «አሳርፏታል» 😂 ወፍጮ ቤት ደርሰህ ታውቃለህ? እህሉን አዝላ የምትሄደው ማናት፣ ዱቄት ለብሳ ወረፋ የምትጠብቀውስ? ማሽኑ ጋ ቆሞ ብር የሚቀበለው ግን ወንድ። በነፃ ሲሆን የሷ ስራ፣ ገንዘብ ሲያመጣ የሱ። ጀሪካንም ያው ነው፣ እንስራው ከባድ ነው ተብሎ ፕላስቲክ መጣ፣ 20 ሊትር ውሃ ግን ዛሬም 20 ኪሎ ነው፣ ወንዱ የሚነካው አህያ ላይ ሲጫን ብቻ

ናፍጣ፦ ዶሮ ሳይጮህ ተነስቶ መፍጨት ቀርቷል አልቀረም?

ጉሊት፦ ቀርቷል። ተኛችበት ወይ?

ናፍጣ፦ እሱን ባሏን ጠይቂ፣ ማሽኑ ምን አደረገ

ሽሮ ፈሰስ፦ አሁን ገና ወደ ነገሩ መጣህ

የእንጦጦ ልጅ፦ እኛ ሰፈር እናቶች ዛሬም ከ30 ኪሎ በላይ ባህር ዛፍ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ከጎናቸው ፓርኩ ውስጥ ሰው ለስፖርት ይሮጣል። ለሬዲዮው እንግዳ ጤነኛ ሴት ማለት እነሱ ናቸው መሰለኝ፣ ስለ ማህፀን መውጣት ማንም አላወራለትም

ናፍጣ፦ መልሱ ኤሌክትሪክ ነዋ! ጳጉሜ 4 2017 ግድቡ ሲመረቅ «እናቶቻችን ከጭስ ተገላገሉ» ብላችሁ ፖስት ያደረጋችሁት እናንተው አይደላችሁ? 5,150 ሜጋ ዋት!

ጉሊት፦ አንድ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ምናምን ይስባል፣ የበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ እኩል ሲጥድ መብራቱ ድርግም፣ ከዛ ተመልሳ ጭሱ ውስጥ። አሳረፋት አልከኝ?

ናፍጣ፦ ግድቡን ነው የምትሰድቢው?

ጉሊት፦ ጀመረህ ደግሞ፣ እኔ ቦንድ ገዝቻለሁ አንተስ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኛ እዚህ አሜሪካ ለኖርዌዮች ቂጣ በተሰራ ግሪል ነው እንጀራ የምንጋግረው፣ ባሌም ይጋግራል፣ ማንም አልሞተም

የማርቆስ ልጅ፦ አይን የሌለው እንጀራ ነው እሱ፣ ፓንኬክ በይው

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የጤፍህን ዋጋ እዚህ ብታየው ፓንኬክም ያምርህ ነበር

ሽሮ ፈሰስ፦ ቆይ፣ ባልሽ ሊጡንም እሱ ነው የሚያቦካው ወይስ ማስፋት ብቻ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ... ማስፋት

ጉሊት፦ 😂😂😂 አሳርፏታል!