ከሌቨን ወደ ባህር ከህፃናት ጋር፦ የሄዳችሁ የጅማ ልጆች እስኪ ንገሩኝ

የጅሬኗ፦
ሰላም የጅማ ልጆች እንዴት ናችሁ። እዚህ ውስጥ ቤልጅየም የተማራችሁ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ከሌቨንም ከጌንትም ጋር ስንት ዘመን ነው አብሮ የሚሰራው። እኔም በባለቤቴ ፒኤችዲ ሰበብ ሌቨን ነኝ ያለሁት። ትልቋ 5 ዓመቷ ነው ትንሹ 2 ሊሞላው ነው። እናንተ ጋ ዝናብ ነው አይደል፣ እዚህ ደግሞ በጋቸው ገብቶ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጅቷ ጓደኞቿ ባህር ሄዱ ብላ ጠዋት ማታ ባህር ባህር ነው ወሬዋ፣ ቅዳሜ እወስድሻለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ችግሩ እኔም አባቷም ባህር አይተን አናውቅም፣ መዋኘት አንችልም፣ መኪና የለንም። የቱ ከተማ ነው ለህፃናት የሚሻለው? ማደር ነው ደርሶ መልስ? ሆቴሉን አይቼ ደንግጫለሁ። በሰው መሃል ቢጠፉብኝስ ብዬ ደግሞ እፈራለሁ። ሂጃብ ለባሽ ነኝ፣ ሰው ያፈጥብኛል ወይ እሱንም ንገሩኝ።

ጊንጆ፦
ጌንት ነበርኩ፣ አሁን ጅማ ተመልሼ እያስተማርኩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ደርሶ መልስ ይበቃችኋል፣ የሆቴሉን ብር ለልጆቹ አይስክሬም አድርጊው። ከሌቨን ኦስተንድ ድረስ ቀጥታ ባቡር አለ፣ ብራሰልስ፣ ጌንት፣ ብሩዥ እያለ ነው የሚሄደው፣ ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ትኬት ከያዘ ትልቅ ሰው ጋር በነፃ ነው የሚሳፈሩት።

ኦስተንድ ጣቢያው ከባህሩ በእግር ይደረሳል ግን ብትሰሚኝ እዛው አትቅሪ፣ ፀሐይ የወጣ ቅዳሜ የሐሙስ ገበያ ነው የሚመስለው። ከጣቢያው አጠገብ የባህር ዳር ትራም አለ፣ ከደ ፓነ እስከ ክኖከ ማለትም ከፈረንሳይ ድንበር እስከ ኔዘርላንድስ ድንበር አካባቢ 67 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው፣ እሱን ያዙና ደ ሃን ውረዱ። ፀጥ ያለ ነው፣ ፎቅ አይበዛበትም፣ ለልጆች ትራሙ ራሱ ሽርሽር ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ ሐይቅ ብቻ ያየ ሰው የማያውቀውን። ባህሩ ይመጣል ይሄዳል። በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይሸሻል፣ በሙሉውና በጎደለው መሃል ያለው ልዩነት 4 ሜትር ገደማ ነው፣ ዳርቻው ደግሞ ለጥ ያለ ስለሆነ ሲሸሽ በጣም ሩቅ ይሄዳል፣ ሲመለስ ፎጣሽንም ጫማሽንም ጠራርጎ ነው የሚወስድልሽ። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚገፋ ዓርብ ማታ ስልክሽ ላይ እዪው። እና ሲሸሽ አሸዋው ላይ ኩሬ ኩሬ ትቶ ይሄዳል፣ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ፣ ፀሐይ ያሞቀው። የ2 ዓመት ልጅ ባህሩ እሱ ነው፣ ትልቁን እርሺው። ውሃው እንደሆነ ጁላይና ኦገስት ላይ እንኳን ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ ከንፈራቸው ሲጠቁር አውጥተሽ ማድረቅ ነው።

መንደራ፦
እኔ አንትወርፕ ነኝ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ጊንጆ የወንድ ምክር ነው የሰጠሽ ሃሃ የእናቱን እኔ ልንገርሽ።

መጥፋቱን በተመለከተ፣ እንደደረስሽ ላይፍ ጋርዶቹ ጋ ሂጂና ለልጆች እጅ የሚታሰር ቀበቶ አላችሁ ወይ በያቸው፣ ስልክሽን ጽፈሽ ታስሪላቸዋለሽ፣ በነፃ ነው። ብዙ ቦታ ደግሞ አሸዋው ላይ ረጃጅም ምሰሶዎች ታያለሽ፣ አናታቸው ላይ ለልጅ የሚገባ ምስል አለባቸው፣ ልጅቷን መጀመሪያ እዛ ስር አቁመሻት "የኛ ይሄ ነው" በያት። የ5 ዓመት ልጅ የመንገድ ስም አትይዝም ምስል ግን ትይዛለች።

ባንዲራውን እዪ፣ አረንጓዴ መዋኘት ይቻላል፣ ቢጫ ከሆነ አደገኛ ነው በአየር የሚነፋ ነገር ይዞ መግባትም ክልክል ነው፣ ቀይ ከሆነ ማንም አይገባም። ነፍስ አድኖቹ በነሱ ሰዓት ከ10፡30 እስከ 18፡30 ነው የሚቆሙት፣ በኛ ከ4፡30 እስከ 12፡30 መሆኑ ነው፣ ከዛ ውጪ ውሃ የሚባል ነገር አትሞክሪ። ወደ ባህሩ የገባ የድንጋይ ግድብ ታያላችሁ፣ ልጅ ካየ መውጣት ያምረዋል፣ አረንጓዴ ነገር ስለያዘው ያንሸራትታል፣ አጠገቡም ውሃው ይጎትታል። አቦ ከሱ ራቂ።

የልጅ ጋሪ አሸዋ ላይ አይገፋም፣ ትንሹን እዘዪው። የውሃ ዳይፐር፣ ሁለት ሁለት ቅያሪ፣ ለሽንት ቤት ሳንቲም። ሰንስክሪን ደመና ነው ብለሽ እንዳትተዪ፣ እኛ ጥቁር ነን አንቃጠልም የሚሉትንም አትስሚ፣ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ አይታወቅሽም እንጂ ማታ የልጁ ትከሻ ሲነካ ነው የሚያለቅሰው። ሂጃቡን አታስቢበት፣ እኔ በረጅም ቀሚስና በሻሽ ነው የምገባው፣ ሁሉም ልጁን እያባረረ ነው ማን ያይሻል።

አባ ቡና ደጋፊ፦
እኔ ከጅማ ወጥቼ አላውቅም ግን አስተያየት አለኝ 😀 ስንት ዩሮ ከፍላችሁ ከንፈር የሚያጠቁር ውሃ ልታዩ ነው? እዚሁ ጅማ ቦዬ ረግረግ ኑና ጉማሬውን እዩ፣ ባንዲራ የለው ምሰሶ የለው፣ ጉማሬው ራሱ ነው ቀይ ባንዲራው። ለምግብ ግን ጭኮ ያዢ እህቴ፣ ቂቤውና ገብሱ አይበላሽም፣ ልጅ ያጠግባል፣ አሸዋ እንዳይገባበት ብቻ ክዳን ያለው ነገር ውስጥ አድርጊው። ቡናውን በፔርሙዝ።

ጊንጆ፦
አባ ቡና አንተን የሚያስደስት ነገር አለ፣ ኦስትዱይንከርከ የሚባል ቦታ ሽሪምፕ የሚያጠምዱት በፈረስ ነው። ግዙፍ የጋሪ ፈረስ ደረቱ ድረስ ባህር ውስጥ ገብቶ መረብ ይጎትታል፣ ዩኔስኮ በ2013 መዝግቦታል። የኛ ጋሪ ነጂዎች ቢያዩት ይስቃሉ ወይ ይቀናሉ። በዛው ትራም ይደረሳል፣ በበጋ ለሕዝብ የሚያሳዩበት ፕሮግራም አላቸው፣ ቀኑን አይተሽ ለሌላ ቅዳሜ ያዢው።

የጅሬኗ፦
ገለቶማ ሁላችሁም! ጭኮው አለ፣ እማዬ የላከችው። ባንዲራውንና ምሰሶውን ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ እሱ ጃንጥላ እንግዛ እያለ ነው። ደግሞ ልጅቷ ዛጎል ይዘን እንሂድ አለችኝ፣ ባህር ሄዶ ዛጎል መልቀም እንጂ ይዞ መሄድ ምንድነው?

መንደራ፦
ጃንጥላው ይቅር፣ ነፋስ ገልብጦ የሰው ግንባር ላይ ነው የሚያሳርፈው፣ አሸዋ ላይ የሚተከል የነፋስ መከለያ ጨርቅ አለ እሱን ግዙ። ልጅሽ ግን አውቃ ነው! እዛ ልጆች አሸዋ ቆፍረው ሱቅ ይሰራሉ፣ ከወረቀት የተሰራ አበባ ይደረድራሉ፣ ገንዘቡ ዛጎል ነው። ሁሉም ዛጎል አይሠራም፣ ከዳርቻ ዳርቻ የሚቀበሉት ዓይነት ይለያያል፣ መጀመሪያ ባለሱቆቹን ትጠይቅ ከዛ ትልቀም። ቋንቋ ባታውቅም ችግር የለም፣ በጣት እያሳዩ ይከራከራሉ። ክሬፕ ወረቀት ከዚሁ ይዛችሁላት ሂዱ፣ እሷም ሱቅ መክፈት መፈለጓ አይቀርም።

ስትመለሱ ባቡሩ የሚነሳው ከኦስተንድ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ግቡና ተቀመጡ፣ ብሩዥ ሲደርስ ሰው ቆሞ ነው የሚሄደው፣ በተለይ የተኛ ልጅ ታቅፈሽ።