ክርክር፦ ሪካርዶ ለቡና ሻጭ አገር ተማሪ ምን ይሠራል?

ተመራቂ ተማሪ (ኢኮኖሚክስ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ካፌ ውስጥ የጀመርነውን ጭቅጭቅ እዚህ ላምጣው። ኢንተርናሽናል ኢኮኖሚክስ የሚባለው ኮርስ ሲጀመር መጀመሪያ የሚመጣው እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ ነው። እያንዳንዱ አገር በአንጻራዊነት የሚቀናውን ያምርት፣ የቀረውን ከሌላው ይግዛ ይላል። ይሄ ለእኛ ሲመነዘር "ቡናችሁን ልቀሙ፣ ፋብሪካውን ለሌላ ተዉት" ነው። ለኤግዚት ኤግዛም እንቸክለዋለን፣ በማግስቱ እንረሳዋለን። ከኮርሱ ወጥቶ በቦታው የኢንዱስትሪ ፖሊሲ፣ ማለትም መንግሥት ፋብሪካን እንዴት እንደሚደግፍ፣ ይግባ ባይ ነኝ። ተከራከሩኝ።

የባንክ ሠራተኛ፦ ከሁለቱም በፊት ኤል ሲ፣ ማለትም ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ የሚሆንበትን ሰነድ፣ አስተምሯቸው! አዲስ ተመራቂ እኛ ክፍል ሲመደብ የሄክሸርና ኦሊንን የንግድ ቲዎሪ ግራፍ ዓይኑን ጨፍኖ ይስልልሻል። ኤፍ ኦ ቢ እና ሲ አይ ኤፍ የሚባሉት የሽያጭ ውሎች በምን ይለያያሉ ስትይው ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የመርከብ ኪራዩንና ኢንሹራንሱን ማን እንደሚከፍል ሳያውቅ ስለ ዓለም ንግድ ምን ሊያወራ ነው?

ተመራቂ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ እሱ የሥራ ላይ ሥልጠና ነው። ለዚያ አራት ዓመት አያስፈልግም።

መምህር፦ እህቴ፣ ሪካርዶን የሰጡሽ ቆርጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ያቀረበውን ምሳሌ ሙሉውን እንየው። ፖርቱጋል የዓመቱን ወይን በ80 ሰው፣ ጨርቁን በ90 ሰው ታመርታለች። እንግሊዝ ለጨርቁ 100፣ ለወይኑ 120 ሰው ያስፈልጋታል። ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች። ግን ወይኗን ሰጥታ ጨርቅ ብትወስድ፣ 90 ሰው ይፈጅባት የነበረውን በ80 ሰው ድካም ታገኘዋለች። እንግሊዝም የ20 ሰው ድካም ይተርፋታል። እስከዚህ ሁሉም ይቸክላል።

ቀጥሎ ያለውን ግን የሚያነብ ጥቂት ነው። ካፒታል እንደ ልቡ ድንበር የሚሻገር ቢሆን ኖሮ፣ ለእንግሊዝ ባለሀብት የሚበጀው ወይኑም ጨርቁም ፖርቱጋል ቢመረት ነበር ይላል ራሱ ሪካርዶ። ስሌቱ የቆመው ባለሀብት ገንዘቡን ይዞ ከአገሩ መውጣት አይወድም በሚል ግምት ላይ ነው። አሁን ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን አስቢ። ካፒታሉ ባሕር ተሻግሮ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2022 መባቻ ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ገበያ ዕድል ስትወጣ ደግሞ ከባለሀብቱ ጓዙን ጠቅልሎ የሄደ አለ። ይህን ጉዳይ ለመመርመር ሪካርዶን እስከ መጨረሻው ማንበብ እንጂ መጣል አያስፈልግም።

ተመራቂ ተማሪ፦ መምህር፣ እርስዎ እንዲህ ያስተምሩ ይሆናል። እኛ የተማርነው በሃንድአውት ነው። ግምቶቹ በነጥብ ተደርድረዋል፣ ፈተናው "ከሚከተሉት ውስጥ የማይካተተው የቱ ነው?" ይላል፣ አለቀ። ታሪኩስ የት ገባ? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1721 የህንድ የጥጥ ጨርቅ እንዳይለበስ በሕግ ከልክላለች። ፖርቱጋል በ1703 ውል ለእንግሊዝ ሱፍ በሯን ከፍታ፣ በምላሹ የወይን ቀረጥ ቅናሽ አገኘች። ከዚያ በኋላ በኢንዱስትሪ ማን ቀደመ?

አንድ ታዛቢ፦ ፖርቱጋል ሮናልዶን አግኝታለች 😂 ቀጥሉ።

ቡና ላኪ፦ ልጄ፣ እኔ በቲዎሪው አልገባም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሐምሌ 2016 በፊት ቡናውን እዚህ የምንገዛበት ዋጋ ውጭ ከምንሸጥበት የሚበልጥበት ጊዜ ነበር። ሰው "አብደዋል እንዴ?" ይለን ነበር። ዶላሯን ይዘህ ብረት ወይም ጎማ ታስመጣለህ፣ የቡናውን ኪሳራ እዚያ ላይ ታካክሳለህ። ትርፉ የነበረው የዶላሩ እጥረት ላይ ነው። ይህን የሚያስረዳ ኮርስ ካለ ልጄን ዛሬውኑ አስመዘግባለሁ።

መምህር፦ ጋሼ፣ ኮርሱ እኮ ያው ነው! ሁለተኛው ክፍል የምንዛሪ ተመን ነው። ብር በባንክ ዋጋው ከልክ በላይ ሲወደድ ላኪው ይቀጣል፣ ዶላር የደረሰው አስመጪ ይደጎማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ታፍኖ የቆየው ልዩነት ነው ያኔ የወጣው።

ቡና ላኪ፦ ወጣ። ጎማውም አብሮ ወጣ እንጂ!

ተመራቂ ተማሪ፦ አያችሁ፣ ጋሼ አሁን የነገሩን በሃንድአውታችን አንድ መስመር የለውም። ፕሬቢሽና ሲንገር የሚባሉት የኢኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1950 የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከፋብሪካ ዕቃ አንጻር በጊዜ ብዛት እየወረደ ይሄዳል ብለዋል። እሱም በአንድ አንቀጽ ታልፏል። የቡና አገሮች ጉዳይ ይሄ አይደል?

መምህር፦ ነው። ይስፋ፣ እስማማለሁ። ሪካርዶ ይውጣ በሚለው ግን አልስማማም። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ጄኔቫ ጠረጴዛ ላይ ታሪፍ ቀንሱ የሚልሽ ሰው የሚጠቅሰው ሪካርዶን ነው። ክርክሩን ከነቀዳዳው ካላወቅሽ ምን ብለሽ ትመልሺለታለሽ? "አልወደውም" አይባልም።

የባንክ ሠራተኛ፦ ኤል ሲውስ?

ተመራቂ ተማሪ፦ እሺ፣ ሪካርዶ ይቆይ። ግን ምርጫ ጥያቄው ይቅር። እንዲህ ብላችሁ ፈትኑን፦ "የዓለም ቡና ስምምነት ለላኪ አገሮች የደለደለው የሽያጭ ኮታ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲፈርስ ዋጋው ተንኮታኮተ። ላኪ አገር ምን ማድረግ ነበረበት? ሪካርዶ ምን ይል ነበር? ፕሬቢሽስ?" ለዚህ አንድ ሙሉ ሰዓት ስጡን።

ቡና ላኪ፦ እርማቱን ለእኔ ላኩት።