«እኔ ይቅር ብያለሁ፤ እሱ ንስሐ ይግባ እንጂ» ምን ማለት ነው?

የጠራ ሰማይ፦
ሰላም የቋንቋ ሰዎች። አንድ ዓረፍተ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። አክስቴና አጎቴ በእርሻ ድንበር ከተቀያየሙ ቆይተዋል። ዘንድሮ ለፋሲካ በመሀል ሽማግሌ ገባ። አክስቴ ተለምና ተለምና በመጨረሻ «እኔ ይቅር ብያለሁ፤ እሱ ንስሐ ይግባ እንጂ» አለች። ሽማግሌዎቹ ሊያሳስሟቸው ሲነሱ አጎቴ ጋቢውን ሰብስቦ ውልቅ አለ። «ሰደበችኝ» ይላል። እሷ «ምን አልኩት? መከርኩት እንጂ» ትላለች። እዚህ ላይ «ንስሐ ይግባ» ምክር ነው፣ ቅድመ ሁኔታ ነው ወይስ ስድብ? ያቺ «እንጂ»ስ ምን ትሠራለች?

ጨዋው፦
ይቺማ ቀላል ናት። «ይቅር» ከ«ቀረ» ነው። ነገሩ ይቅር፣ ከመሀላችን ይውጣ ማለት ነው። አክስትሽ የራሷን ድርሻ ትታለች። ንስሐው የሱና የፈጣሪው ጉዳይ ነው። ሁለት የተለያየ ሒሳብ ነው፣ ስድቡ የታለ?

የሰፈር ልጅ፦
ስድቡማ ድምፁ ላይ ነው! የታክሲ ረዳት መልሴን ሲያስቀርብኝ «አንተ ልጅ፣ ንስሐ ግባ» እለዋለሁ። እየመከርኩት ነው? «እንጂ» ደግሞ ጣት መቀሰር ናት። «እኔ ጨርሻለሁ፣ የቀረው ያንተ ነው» ማለት ነው። አጎትሽ አልተሳሳተም።

ከቆሎ እስከ ቅኔ፦
ግንዱን ሳትይዙ ቅርንጫፍ ላይ ትንጠለጠላላችሁ። ቃሉ ግእዝ ነው። ነስሐ፣ ተጸጸተ፣ ከክፉ ተመለሰ። መጥምቁ ዮሐንስ «ነስሑ እስመ ቀርበት መንግሥተ ሰማያት»፣ መንግሥተ ሰማያት ቀርባለችና ንስሐ ግቡ፣ አለ። ጥሪ ነው። የታክሲ ረዳት እዚህ ምን አገባው?

የሰፈር ልጅ፦
የኔታ፣ ዮሐንስ እዚያው ምዕራፍ ላይ «እናንተ የእፉኝት ልጆች» ማለቱን ዘለሉት እንዴ? ጥሪና ስድብ አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው።

ከቆሎ እስከ ቅኔ፦
ለፈሪሳውያንና ለሰዱቃውያን ነው ያለው። አንተ ራስህን ከየትኛው መደብክ?

ቡና ጠጡ፦
እኔ ደግሞ ንስሐ ከ«ነሣ» የመጣ ይመስለኛል። ጾሙ ሥጋ ይነሳሃል፣ ስግደቱ እንቅልፍ ይነሳሃል።

ከቆሎ እስከ ቅኔ፦
«ነሣ» በግእዝ «ነሥአ» ነው። በአልፋው አ እና በሐመሩ ሐ መካከል ባሕር አለ ልጄ። አትሻገረውም።

ሐመሩ ሐ፦
ስሜ ስለተጠራ ልግባ። ማንም ያልጠየቀው ነገር አለ። ለምን «ገባ»? ግእዙ አንድ ግስ ነው፣ «ነስሐ» ብሎ ይጨርሳል። አማርኛ ግን «ንስሐ ገባ» ይላል። ገዳም ገባ፣ ሱባኤ ገባ እንደሚባለው። የኔ ግምት፣ ንስሐ በር ያለው ነገር ነው። ከውጭ ሆነህ «አዝናለሁ» ብትል ገና አልገባህም።

ጨዋው፦
«ቃል ገባ»ስ? «ውል ገባ»ስ? «ዕዳ ገባ»ስ? እዚያ ምን በር አለ? «ገባ» እዚህ ግዴታ መሸከም ነው። ንስሐ የገባ ሰው ዳግመኛ ላይበድል ቃል ገብቷል፣ ቀኖና ተቀብሏል። ጾሙ፣ ስግደቱ፣ ምጽዋቱ አለበት።

ሐመሩ ሐ፦
ዕዳም ውስጥ እኮ ነው የሚገባው!

ጨዋው፦
«ለንስሐ የሚገባ ፍሬ አድርጉ» ይላል፣ ማቴዎስ 3፥8። እሱም በር ነው?

ሐመሩ ሐ፦
ያ የተገባ፣ የተመጠነ ማለት ነው። ሌላ «ገባ» ነው። አታደባልቅ።

ቡና ጠጡ፦
ምንም አልገባኝም። (ይሄኛውስ የትኛው ነው?)

መሪጌታ አይደለሁም፦
በ«ገባ» ስትጨቃጨቁ ትልቁን ቃል ረሳችሁት፣ ኑዛዜን። ዛሬ ኑዛዜ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የውርስ ወረቀት ነው። ለካህን ኃጢአትን መናገርም ኑዛዜ ነው። ግእዙ ግን «ናዘዘ» ሲል አጽናና ማለቱ ነው። ናዛዚ አጽናኝ ነው። እስቲ አስቡት። ሰውየው ጉዱን ሊዘረግፍ ነው የሄደው፣ ቃሉ ግን ሊጽናና ሄደ ይላል። የነፍስ አባት አናዘዙት ሲባል መርማሪ መስለው የሚታዩት ሰው አሉ። ቃሉ ምርመራ አያውቅም።

ይህን በስቅለት ማታ ማየት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ሲሰገድ ይዋልና መጨረሻ ላይ ወይራ የያዙ ካህናት ይቆማሉ። ሰው ተራውን ጠብቆ ጎንበስ ይላል። በቅጠሉ ጀርባውን መታ መታ ያደርጉታል። በድሎ ከሆነ ይናገራል፣ ይህን ያህል ስገድ ይሉታል። ወገቡን የያዙ አዛውንት ሳይቀሩ ፊታቸው ፈክቶ ይወጣሉ። ተመትተው! በዚያ ሰዓት «ናዘዘ» ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብህም።

የጠራ ሰማይ፦
በጣም ደስ ይላል። ግን አጎቴስ?

ባሕር ማዶ፦
እኔ የነፍስ አባቴን በስልክ ነው የማገኛቸው። ወይራው በዋትስአፕ አይላክም እንጂ መጽናናቱ ይደርሳል።

ወንጌል አንባቢ፦
የእኔ አስተያየት ከብዙዎቻችሁ ይለያል። እኛ ጋ ንስሐ ገባሁ ስንል በቀጥታ በጸሎት ነው። እሱን እንተወው። የልጅቷ ጥያቄ ግን ስለ ቅደም ተከተል ነው። ሉቃስ 17፥3 «ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፥ ቢጸጸትም ይቅር በለው» ይላል። መጀመሪያ ተግሣጽ፣ ቀጥሎ ጸጸት፣ ከዚያ ይቅርታ። አክስቷ ይቅርታውን አስቀደመች፣ ተግሣጹን ከኋላ አመጣችው። ሰውየው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ከቆሎ እስከ ቅኔ፦
እዚያው ሉቃስ 23፥34 «አባት ሆይ፥ የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» ይላል። ሰቃዮቹ ገና ልብሱን ሳይካፈሉ ነው። ማን ተጸጸተ? በአባታችን ሆይ «ኅድግ ለነ አበሳነ»፣ በደላችንን ይቅር በለን፣ ስንልስ «ለተጸጸተ ብቻ እንተዋለን» እንላለን? «ለዘአበሰ ለነ» ነው የሚለው። ለበደለን። አለቀ።

ወንጌል አንባቢ፦
አላለቀም። ይቅርታው ሊሰጥ ይችላል። ተቀባዩ እጁን ካልዘረጋ ግን ምን ይጠቅመዋል? ይሁዳ «ተጸጸተ» ተብሎ ተጽፎለታል፣ ብሩንም መልሷል። ወደ ጌታው ግን አልተመለሰም። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፣ ተመለሰም። ጸጸት ብቻውን ንስሐ አይደለም።

ጨዋው፦
በዘፍጥረት 6 እግዚአብሔር ራሱ ሰውን በመፍጠሩ «ተጸጸተ» ይላል። ንስሐ ገባ ግን ማንም አይልም። እዚህ ላይ ወንጌል አንባቢ ልክ ነው፣ ባልወድም።

ድንበርተኛ፦
እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ሁላችሁም ሰማይ ሰማይ ታያላችሁ፣ ነገሩ መሬት ላይ ነው ያለው። ሴትየዋ ያለችው «ድንበሬን መልስ» ነው! በሽማግሌ ፊት «መሬቴን» ብትል እርቁ ይፈርሳል፣ ሙግት ይሆናል። «ንስሐ ይግባ» ስትል ግን ማንም አይከለክላትም። የወሰደውን ሳይመልስ ንስሐ እንደማይሆን ሽማግሌውም ቄሱም ያውቃል። ዘኬዎስ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» አለ እንጂ «አዝኛለሁ» ብሎ አልተቀመጠም። አጎቷም ገብቶታል። ጋቢውን የሰበሰበው ለዚህ ነው።

የሰፈር ልጅ፦
ኧረ ጉድ! ሰምና ወርቅ ናታ። አክስትሽን እዚህ መድረክ ላይ አስገቢልን።

የጠራ ሰማይ፦
ስለ ድንበር ጉዳይ እጠይቃታለሁ። ግን ሌሎቻችሁም ትስማማላችሁ?

ሐመሩ ሐ፦
ከመስማማታችን በፊት፣ «ሥርየት» እና «ሥራይ» አንድ ሥር እንዳላቸው የታየው ሰው አለ? ሥራይ መድኃኒት ነው። ሥርየተ ኃጢአት እንግዲህ የኃጢአት መድኃኒት መሆኑ ነው። ንስሐ ህክምና ነው ማለት ነው!

ከቆሎ እስከ ቅኔ፦
ሥራይ ድግምትም ነው። ሥራየኛና ናዛዥ ሊዛመዱልህ ነው? ይቅር ያለበት «ሰረየ» በእሳቱ ሰ ነው። የመድኃኒቱ በንጉሡ ሠ።

ሐመሩ ሐ፦
ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «ለሥርየተ ኃጢአት» በንጉሡ ሠ አይደል እንዴ የሚታተመው?

ከቆሎ እስከ ቅኔ፦
አታሚው የፈለገውን ይለቅማል። ጸሐፊዎችም ሁለቱን ፊደል ማደባለቅ ከጀመሩ ዘመን የለውም። በፊደል ብቻ ዘር አይቆጠርም።

ሐመሩ ሐ፦
አሁን በሐ እና በአ መካከል ባሕር አለ ሲሉ አልነበር? የእርስዎ ሲሆን ባሕር፣ የኛ ሲሆን ቦይ?

ከቆሎ እስከ ቅኔ፦
ያ የጉሮሮ ጉዳይ ነው፣ ይሄ የጥርስ። ሰዋስው ሳትማር አትከራከረኝ።

ሐመሩ ሐ፦
እሺ የኔታ። የብራና ፎቶ ይለጥፉልኝና ንጉሡን «ሠ» እንቁጠረው።