ጅማ ውስጥ ግንድ ጫኝ የባቡር ሞዴል ለመሥራት ማን ጋር ይኬዳል?

ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። የሞዴሉን ፎቶ ካሳየሁ ወዲህ «ጎማውን የት አስወጣኸው? እንጨቱን ማን ሠራልህ?» የሚለኝ በዝቷል። ባጭሩ፦ ገንዘባችሁን ጎማው ላይ አውሉ፣ ለእንጨቱ ብዙ አትክፈሉ፣ ግንዱን ደግሞ ከቡና ማሳ አምጡ። ዋጋ አልጽፍም፤ ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል።

መጀመሪያ ስለ ፉርጎው። በሰሜን ሩማንያ፣ ቪሼው ደ ሱስ ከምትባል ከተማ ተነስቶ የቫሰርን ሸለቆ ይዞ ጫካ የሚገባ ቀጭን ሀዲድ አለ። ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። የሀዲዱ ስፋት 760 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የኛ የድሮው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር እንኳ 1 ሜትር ነበር። እዚያ ግንድ የሚያወርደው ፉርጎ ፉርጎ አይመስልም። ወለል የለው፣ ግድግዳ የለው። ሁለት ትንንሽ ባለ አራት ጎማ ጋሪዎች ናቸው። ግንዱ አንድ ጫፉ በፊተኛው፣ ሌላው በኋለኛው ላይ ይጋደማል፤ ሁለቱን ጋሪ የሚያያይዛቸው ራሱ ጭነቱ ነው። በየጋሪው ላይ ግንዱ የሚያርፍበት አግዳሚ አለ። አግዳሚው መሃሉ ላይ ስለተያዘ እንደ ልብ ይዞራል። ባቡሩ ሲታጠፍ ጋሪው ከስር ይዞራል፣ ግንዱ ቀጥ እንዳለ ይሄዳል። የሞዴሉ ደስታ በሙሉ እዚህ ላይ ነው። አግዳሚው ካልዞረ ጋሪው ኩርባ ላይ ከሀዲዱ ይወጣል።

መጠኑን 1 ለ20 አድርጉት። ፈረንጆቹ 1 ለ87 ይወዳሉ፤ እሱ ግን ሀዲዱንም ጎማውንም ተዘጋጅቶ ለሚገዛ ሰው ነው። በዚያ መጠን የዚህ ሀዲድ ስፋት 9 ሚሊ እንኳ አይሞላም። ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት) ሄዳችሁ ለዚህ የሚሆን ጎማ አውጡልኝ ብትሉ ይስቁባችኋል። በ1 ለ20 ግን 38 ሚሊ ይሆናል። ስሌቱም ራስ አያዞርም፤ 1 ሜትር ማለት 5 ሳንቲ ነው። 12 ሜትር ግንድ 60 ሳንቲ ይሆንና ጠረጴዛ ላይ ያምራል።

አሁን ወደ ቶርኖ ቤቶቹ። የከባድ መኪና ዕቃ የሚሠሩት ትልልቆቹ ማሽናቸው ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ሥራ አይወዱም። «ነገ ና» ይበዛል። ከበያጅ ጋር ተዳብለው የሚሠሩት ትንንሾቹ ግን ነገሩ ከገባቸው ከልባቸው ይሠራሉ። እኔ እነሱን እመርጣለሁ። ብቻ በአፍ ነግራችሁ እንዳትሄዱ። አንድ ትንሽ ቤት ስምንቱን ጎማ በስምንት መጠን አውጥቶ አስረክቦኛል። የጎማውን ጠርዝ ቅርጽ በቆርቆሮ ቆርጣችሁ ስጧቸው፣ ካሊፐር (ሚሊ ሜትር በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ያዙ፣ ሁሉም ከአንድ ክብ ብረት በአንድ ቀን ይውጣ።

ልኩ ይኸው። ጎማው ዲያሜትሩ 3 ሳንቲ፣ ከሀዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ከንፈሩ 1.5 ሚሊ ከፍ ያለ። ሀዲዱ ላይ የሚያርፈው ፊቱ ወደ ውጭ በትንሹ ሸርተት ይበል። እውነተኛውም እንዲሁ ነው፤ ጎማው ወዲያ ወዲህ ሳይል መሃል እንዲይዝ የሚረዳው እሱ ነው። አክሱሉ ላይ ሲገጠሙ በሁለቱ ጎማዎች የውስጥ ፊት መካከል 35 ሚሊ ይኑር። «አሉሚኒየም ይሻልሃል» የሚል ባለሙያ ያጋጥማችኋል። የሚሻለው ለሱ ነው፣ ቶሎ ይቆረጥለታል። ብረት ይሁን በሉ። ጭነቱ ከላይ ስለሆነ ከስር ክብደት ከሌለው ይገለበጣል።

እንጨቱ ላይ ጅማ ምን ይወጣላታል! የፈርኒቸር ቤቶች የሚጥሉት የዋንዛ ቁርጥራጭ ለሁለት ጋሪ ከበቂ በላይ ነው። ለስለስ ያለ ነው፣ በደንብ ከደረቀ ብዙም አይጣመምም። ግራቪላም ይሆናል። ኤምዲኤፍን ግን ተዉት፤ በጅማ ክረምት እርጥበት ከነካው ያብጣል፣ ጠርዙም ብሎን አይዝም። ፈርኒቸር ቤት ቀጥታ ቆርጦ ለመላግ ጥሩ ነው። አግዳሚውን ግን በርጩማ ቀራጮች ጋር ውሰዱት። እኔ የሄድኩባቸው አባት እንጨቱን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ቀዳዳው የታል?» አሉኝ። ቅርጹ ካለቀ በኋላ በትራፓኖ እበሳዋለሁ አልኳቸው። «መጀመሪያ ቀዳዳ፣ ኋላ ቅርጽ። ከቀጠነ በኋላ ብትበሳው ይሰነጠቅብሃል» ብለው በወፍራሙ በሱት፤ ከዚያ በመሮ ግራና ቀኙን እያሳሱ ወረዱ። ሁለቱም አግዳሚ ያለ አንድ ስንጥቅ ወጣ።

ለመዞሪያው 4 ሚሊ ብሎን፣ በጋሪውና በአግዳሚው መካከል ሁለት ሮንዴላ፣ ከስር ሁለት ዳዶ። ሁለተኛው ዳዶ የመጀመሪያውን ይቆልፈዋል። ጠበቅ አድርጋችሁ ከዚያ ሩብ ዙር መልሱት። እዚሁ ጅማ መርካቶ ያሉት የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች ሁሉም ጋር አለ፣ መዞርም አያስፈልግም።

ግንዱን ብዙ ሰው ከባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ይሠራዋል። ቀጥ ማለቱ እውነት ነው፤ ግን ሲደርቅ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ልጣጩም ይረግፋል። እኔ የምመክረው ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወድቀውን ግንድ ነው። 3 ሳንቲ ውፍረት ያለውን ምረጡ፤ በ1 ለ20 የ60 ሳንቲ ዛፍ ነው። ልጣጩ ደቃቅ ስንጥቅ ስላለው ከሩቅ ሲያዩት የትልቅ ዛፍ ቅርፊት ይመስላል። ለማገዶ ሳይወስዱት ቀድማችሁ ጠይቁ። ጫፎቹን ወዲያው በእንጨት ኮላ ቀቡና ጥላ ውስጥ ይክረም። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት እሱም ይሰነጠቃል። ቫርኒሽ አትቀቡት እባካችሁ፤ ከጫካ የወጣ ግንድ አያብለጨልጭም።

ስሪዲ ፕሪንተር ያለው ጓደኛ ያላችሁ፣ ለጋሪው ጎንና ለትንንሽ ጌጣ ጌጥ ተጠቀሙበት። ጎማ ግን አታትሙ። ይቀልላል፣ ቶሎም ይበላል።

የግንዱን ማሰሪያ ሐሙስ ገበያ ከሚሸጠው ርካሽ የአንገት ሰንሰለት ሠርቼዋለሁ። ቀለበቱ አሁንም ለ1 ለ20 ትንሽ ወፍራም ነው፤ ደግሞም ያብለጨልጫል፣ እሳት ላይ አጥቁሬው ነው የተሻለው። ከዚያ የቀጠነ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ጠቁሙኝ።