አጋዬቭ የኦሊምፒክ ወርቅ አለማግኘቱ ስሙን ይቀንሰዋል?

ታታሚ75፦
ሰላም የካራቴ ወዳጆች። ሰሞኑን የራፋኤል አጋዬቭን የድሮ ግጥሚያዎች ደጋግሜ እያየሁ ነው። አዘርባጃናዊው አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ የአውሮፓን ዋንጫማ መቁጠር ይደክማል። ግን ካራቴ ቶኪዮ ላይ ኦሊምፒክ ሲገባ፣ በ75 ኪሎ ፍጻሜ በጣሊያናዊው ሉዊጂ ቡዛ 1 ለ 0 ተሸነፈ። አንዲት ነጥብ! ጓደኛዬ "የኦሊምፒክ ወርቅ የሌለው ሰው ከታላላቆቹ አይቆጠርም" አለኝ። በጣም ተናደድኩ፣ ግን የሚያሳምን መልስ አጣሁ። እናንተ የአንድን ተወዳዳሪ ጉዞ በምን ትለኩታላችሁ?

ጥቁር ቀበቶ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጓደኛህን ካራቴ ኦሊምፒክ ላይ ስንት ጊዜ እንደታየ ጠይቀው። አንዴ ብቻ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021። ፓሪስ 2024 ላይ አልነበረም፣ ሎስ አንጀለስ 2028 ላይም የለም። አጋዬቭ የመጀመሪያውን የዓለም ወርቅ በ2006 ሲወስድ 21 ዓመቱ ነበር፣ ያኔ ኦሊምፒክ የሚባል በር ጨርሶ አልተከፈተለትም። በሩ ሲከፈት 36 ሞልቶታል።

እኔን የሚገርመኝ መሃሉ ነው። የመጨረሻውን የዓለም ወርቅ ያገኘው በ2016 ሊንዝ ላይ ነው፣ ከመጀመሪያው አስር ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያ አስር ዓመት ውስጥ ስፖርቱ ራሱ ተቀይሯል። የኪሎ ምድቦቹ ተቀየሩና ከ70 ኪሎ ወደ 75 ወጣ፣ ከሱ ከሚገዝፉ ሰዎች ጋር መግጠም ጀመረ። ድሮ ሳንቦን ይባል የነበረው ባለ ሦስት ነጥቡ ኢፖን ተባለ። የቪዲዮ ዳኝነት መጣ፣ ሴንሹ (ነጥብ እኩል ሲሆን ቀድሞ ላስቆጠረው የሚሰጠው ብልጫ) መጣ። ስንቱ ጎበዝ በአንዱ ደንብ ነግሦ ደንቡ ሲቀየር ጠፍቷል። እሱ ግን እዚያው ነበር።

ማዋሺ፦
እኔ በክለብ ደረጃ ስምንት ዓመት ኩሚቴ (ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚጋጠምበትን ካራቴ) ተወዳድሬያለሁ፣ ስለዚያች 1 ለ 0 ልናገር። ቡጢ ዩኮ ነው፣ አንድ ነጥብ። ሆድ ላይ ያረፈ እርግጫ ሁለት፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ ሦስት። ተጋጣሚህን ጠልፈህ ጥለህ መሬት ላይ እያለ በቡጢ ከጨረስከውም ሦስት ነው፣ ይሄ ደግሞ የአጋዬቭ እንጀራ ነበር። ቁመቱ አጭር ነው፣ ግን እግርህን ሲጠልፍ ከየት እንደመጣ አታየውም።

ስለዚህ 1 ለ 0 እየተመራህ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ተስፋ አለህ። ችግሩ ማጥቃት ያለብህ አንተ መሆንህ ነው፣ ቡዛ ደግሞ ርቀት ጠብቆ የሚመጣብህን ሰው በመልስ ምት መቅጣት የሚችል ሰው ነው። ሁለቱ ለዓመታት ሲገናኙ ኖረዋል፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያውቃል። እኔም አንድ ፍጻሜ ላይ እንደዚያ ተሸንፌያለሁ፣ ሦስት ደቂቃው እንዴት እንዳለቀ እስካሁን አላውቅም። እባክህ ያንን ፍጻሜ እንደ ውድቀት አትየው፣ ሁለቱም አንዲት ስህተት ላለመሥራት ምን ያህል እንደተጠነቀቁ እይ።

ካታ ልቤ፦
እኔ በከፊል ከጓደኛህ ጋር ነኝ። ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ያንን ወርቅ ከምንም በላይ ይፈልጉታል፣ እኛ ተነስተን "ምንም አይደለም" ብንል ድካማቸውን ማቃለል ይሆናል። ሳንድራ ሳንቼዝን እዩ። ስፔን ቡድን ውስጥ የገባችው ብዙዎች በሚያቆሙበት ዕድሜ፣ ከ30 በኋላ ነው። በ2018 ማድሪድ ላይ ጃፓናዊቷን ኪዮ ሺሚዙን አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ከዚያ ቶኪዮ ላይ፣ በሺሚዙ አገር፣ በ39 ዓመቷ እንደገና አሸነፈቻት። ያ ቀን ባይኖር ታሪኳ ያው ይሆን ነበር? ለእኔ አይሆንም።

ግን አንድ ቀን ብቻውን ሰውን ይለካል ከተባለ፣ የከባድ ሚዛኑን ፍጻሜ ምን ልታደርጉት ነው? ሳዑዲው ታሬግ ሐመዲ 4 ለ 1 እየመራ ነበር። አንገት አካባቢ ያረፈ አንድ ከባድ እርግጫ ኢራናዊውን ሳጃድ ጋንጅዛዴን ዘረረው፣ ዳኞቹም ሐመዲን ከውድድር አስወጡት። ወርቁ ራሱን ስቶ ለወጣው ሰው ተሰጠ። ጋንጅዛዴ ግን ቀድሞም የዓለም ሻምፒዮን ነበር፣ ትልቅነቱን ያገኘው በዚያ ምሽት አይደለም። ሐመዲም ያን ምሽት አላነሰም።

ታታሚ75፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማዋሺ፣ እንዳልከው ፍጻሜውን ቀስ አድርጌ አየሁት፣ አጋዬቭ እግሩን ለመጥለፍ ሲጠጋ ቡዛ በየጊዜው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዋልኩ። የከባድ ሚዛኑን ፍጻሜ ደግሞ ለጓደኛዬ ላክሁለት። ግማሽ ሰዓት ዝም አለ። ከዚያ "እስቲ የአጋዬቭን የ2006ቱን ላክልኝ" አለኝ።