የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰን ወይስ በኖራ?

ማገር07፦
ሰላም ወገኖች። ቤቷ ደብረ ብርሃን ናት፤ 4 በ5 ሜትር፣ ቋሚና ማገሯ ባሕር ዛፍ፣ ምርጊቷ የጭድ ጭቃ። በአንድ በኩል ግድግዳውን ዝናብ አጥቦት ማገሩ መታየት ጀምሯል። ግንበኛው «የዶሮ ሽቦ መትተን በሲሚንቶ እንለስነውና ትገላገላለህ» ይላል። ሌላው ደግሞ ኖራ ለአካባቢም ይበጃል አለኝ። እውነት ልዩነት አለው ወይስ ወሬ ነው?

ካብና_ጭቃ፦
ሲሚንቶውን ይተዉት። ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይሄድም። መጀመሪያ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይወጣል፣ ዝናቡ በዚያ ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል። ውሃው ወርዶ ቋሚው እግር ሥር ይተኛል። ከውጭ ሲታይ ግድግዳው አማን ነው፤ ውስጡ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። የተለሰነ የጭቃ ቤት ካገኙ በጣት አንኳኩት፦ እንደ ባዶ ቅል ካስተጋባ ልስኑ ከጭቃው ተላቋል። የዶሮ ሽቦ መውደቁን ያዘገየዋል እንጂ አያጣብቀውም፤ እሱም ይዝጋል።

ወንፊት፦
ስለ አካባቢው ወሬ አይደለም። ቁመቱ 2.6 ሜትር ከሆነ በርና መስኮት ተቀንሶ 43 ካሬ ገደማ ይወጣዋል። በ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 1 ሲሚንቶ ለ4 አሸዋ ቅልቅል፣ ወደ 4 ኩንታል ሲሚንቶ ይበላል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ተቃጥሎ ነው። ከነዳጁ ጭስ ሌላ ድንጋዩ ራሱ ይተነፍሳል፦ 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል።

ኖራም ከዚያው ድንጋይ ስለሆነ ንጹሕ ነው የሚልህን አትስማ። ግን 900 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል፣ ግድግዳ ላይ ሲጠነክርም ድንጋዩ የለቀቀውን ካርቦን ቀስ እያለ መልሶ ይስባል። የማገዶውን ግን አይመልስም። ሁለቱንም የሚያስከነዳው ያው ከጓሮ የተቆፈረው አፈር ነው፤ ቢፈርስ እንኳ ተመልሶ ይቦካል።

ካብና_ጭቃ፦
ልክ ነው። ግን ከልስን በፊት ውሃውን ያዙ፦ የጣሪያው ክፈፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ይውጣ፣ አሸንዳ ይግባለት፣ መሬቱም ከግድግዳው እየራቀ በሜትር 5 ሳንቲ ይዘቅዝቅ። ይህ ሳይሆን ኖራም ገንዘብ መጣል ነው።

ከዚያ የላላውን ጭቃ አራግፈው፣ ግድግዳውን አርሰው በአዲስ ጭቃ ይሙሉ። ጭዱ የጤፍ ይሁን፤ ተረግጦ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይብላላ። ዋልካ አፈር ከሆነ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስለዚህ አፈርና አሸዋ 1 ለ1፣ 1 ለ2፣ 1 ለ3 ቀላቅለው 30 በ30 ሳንቲ ይሞክሩ። ሲደርቅ ያልተሰነጠቀውን፣ በእጅ ሲታሽም ያልተራገፈውን ይምረጡ።

ጭቃው በደንብ ከደረቀ በኋላ 1 ኖራ ለ3 የታጠበ አሸዋ፣ በሁለት ዙር፣ እያንዳንዱ ከ1 ሳንቲ ሳይበልጥ። የዱቄት ኖራው ቀድሞ ቢያንስ አንድ ቀን ይዘፍዘፍ። ከለሰኑ በኋላ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ለሳምንት ጠዋት ማታ ውሃ ያርከፍክፉ፤ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ደብረ ብርሃን ስለሆነ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አይሞክሩት፦ ያልጠነከረ ኖራ ውርጭ ካገኘው ይፈረፈራል። የካቲት ይሻላል።

ማገር07፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሱቅ «ነጭ ኖራ» ብለው የሚሸጡት ጀሶ እንዳይሆንብኝ በምን ልለየው?

ወንፊት፦
በብርጭቆ በውሃ እንደ ገንፎ አርገህ አስቀምጠው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንጋይ ከሆነ ጀሶ ነው፣ ለውጭ ግድግዳ አይሆንም፤ ውሃ ያሟሟዋል። በማግስቱም ለስላሳ ከሆነ ኖራ ነው። ያልበረደ (ገና ውሃ ያልጠጣ)፣ ድንጋይ ድንጋይ የሚለውን ከገዛህ ግን ኖራውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃው ጨምር እንጂ ውሃውን በኖራው ላይ አታፍስስ፤ ይፈላና ይረጫል። መነጽርና ጓንት አድርግ።