አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የውሃ ኤሊ እንቁላል ጣለች፤ ክረምቱን ይችሉታል?

የግቢ ገንዳ፦ ሰላም ለሁላችሁም። አራት ኪሎ ግቢያችን ገንዳ ውስጥ ከስምጥ ሸለቆ የመጣች የውሃ ኤሊ አለች። አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ ነው የምትደብቀው፤ አገጯ ሥር ሁለት ትንንሽ የሥጋ ዘለላዎች አሏት። ትናንት ከዝናቡ በኋላ አጥሩ ሥር ቆፍራ ወደ 15 የሚሆኑ ነጭ ሞላላ እንቁላሎች ጥላ አፈር መለሰችባቸው። ወንድ ኤሊ የለም። ሰኔ ደርሷል። እዚያው ይቆዩ ወይስ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን ውስጥ ይግቡ?

አዋሽ ዳር፦ መሬት ውስጥ ከቆዩ ይበላሻሉ። ይህች ዝርያ በተፈጥሮዋ ሞቃት ቆላ ላይ ነው የምትቀብረው፤ አራት ኪሎ ግን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቀኑ ከ21 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም፣ ሌሊቱ ወደ 10 ይወርዳል፣ አፈሩም ውሃ ይጠግባል። ፅንሱ በብርዱ አያድግም፣ አየርም ያጣል።

ዛሬውኑ አውጧቸው። አፈሩን በእጅ ግለጡና ከማንሳታችሁ በፊት የእያንዳንዱን አናት በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ገደማ ከላይኛው ሽፋን ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ እንቁላሉ ከተገለበጠ ሊሞት ይችላል። ምልክቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የታጠበ አሸዋ አድርጉ፤ ለ1 ኪሎ ደረቅ አሸዋ ከ70 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ውሃ። ስትጨብጡት መያዝ አለበት፣ ውሃ ግን መንጠባጠብ የለበትም። እንቁላሎቹን ግማሽ ድረስ ቅበሩ፣ ክዳኑን ሦስት አራት ቦታ ብሱት።

ቴርሞሜትር፦ ማሽኑን በተመለከተ፣ ለዶሮ ጫጩት የሚሠራበት ሙቀት 37.5 ገደማ ስለሆነ ለኤሊ ገዳይ ነው። ወደ 29 ወይም 30 አውርዱት፤ የማገላበጫውን ሞተር ደግሞ ፈጽሞ አጥፉት። ብዙ እንቁላል የሚጠፋው በዚህች ሞተር ነው። አየር ማራገቢያ ካለው አሸዋውን ያደርቃል፤ ዕቃውን ከነክዳኑ አስገቡ። ቅርፊቱ ለስላሳ ስለሆነ እርጥበት ካነሰ ይጎደጉዳል። ያኔ ውሃውን ጎን ላይ ባለው አሸዋ አፍስሱ እንጂ እንቁላሉ ላይ አትርጩ።

መብራት ሲጠፋ ለብ ያለ ውሃ የሞላ ሃይላንድ አጠገባቸው አስቀምጡ። ለጥቂት ሰዓት መቀዝቀዝ እድገቱን ያዘገያል እንጂ አይገድልም፤ ከ34 በላይ መውጣት ነው የሚያስፈራው። የኤሊ ጫጩቶቹን ፆታ የሚወስነውም ሙቀቱ ስለሆነ በየቀኑ ከፍ ዝቅ አታድርጉት።

የግቢ ገንዳ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድ ሳይኖር ግን ፅንስ ይኖረዋል?

አዋሽ ዳር፦ ሊኖረው ይችላል። ሴቷ ኤሊ የወንዱን ዘር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በሰውነቷ ታቆያለች። ሳትገለብጡ በስልክ መብራት ከጎን አብሩባቸው፤ ከሳምንታት በኋላ ቀያይ የደም ሥሮች ከታዩ ሕይወት አለ። ሻግቶና ሸቶ የተሰረጎደውን ብቻ አውጡ።

ረግረግ፦ ስለ ወቅቱ ልጨምር። በዱር የምትቀብረው ዝናብን ተከትላ ነው፤ በደረቅ ወቅት መሬቱ ይጠጥራል። ጠንካራ አፈር ካጋጠማት ከራሷ ውሃ ለቅቃ ታላላዋለች፤ ከ10 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ አፉ ጠባብ የሆነ ጉድጓድ ትቆፍራለች። ጫጩቶቹም ቢፈለፈሉ ዝናብ አፈሩን እስኪያርሰው ድረስ ውስጥ ይቆያሉ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጊዜ ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ልል አፈርና አሸዋ አዘጋጁላት። ቦታ ያጣች ሴት እንቁላሉን ውሃ ውስጥ ትጥላለች፣ እዚያ ይታፈናል፤ አለበለዚያም ሆዷ ውስጥ ተይዞ ያሳምማታል።

ሌላም ነገር አለ፦ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ሳትጠይቁ እናቲቱንም ሆነ ጫጩቶቹን ወስዳችሁ የትኛውም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ፤ በሽታ ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ።

ቴርሞሜትር፦ ከ75 እስከ 90 ቀን ጠብቁ። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከሰነጠቀ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሳይወጣ ሊቆይ ይችላል፤ ጎትታችሁ አታውጡት። ሆዱ ላይ ያለው የአስኳል ከረጢት እስኪገባ ድረስ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ይቆይ፤ ከዚያ ቁመቱን ያህል ብቻ ጥልቀት ባለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አድርጉትና የተከተፈ የመሬት ትል ስጡት።